ከመስታወቱ ወዲያ

«ለዛሬ ብቻ ነው፤ ወንድሜ እንዳትይኝ።»

ይኼን ያለው ጎረቤቴ ብርሃኑ ነው፤ ያለውም ለታላቅ እህቱ ለእትዬ ታደለች ነው። እኔ፣ ይታገሱ የሚሉኝ ጎማ ጠጋኝ፣ ሰው ግቢ ጆሮዬን የማስገባ ሰው አይደለሁም። ግን በእኔ ጎማ መጠገኛና በእነሱ ግቢ መካከል ያለው አጥር ቅንጭብ ነው፤ ቅንጭብ ደግሞ ከብት ይከለክላል እንጂ ወሬ አይከለክልም። ማለዳ ነበር። የከባድ መኪና ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን እየፈለግሁ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፉት መኪኖች ጋብ ባሉባት ቅጽበት ነው ንግግሩ የደረሰኝ። ቀና ስል እትዬ ታደለች አዲስ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤቷ በር ላይ ቆማለች። ፀጉሯን ትናንት ሹሩባ ተሠርታለች። ብርሃኑ ፊት ለፊቷ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። «እንግዶቹ ከወልድያ ነው የሚመጡት፤ አስጎብኚ ድርጅትም አለበት። እህቱን አፈር ያስቆፍራል ይሉኛል» አላት። እሷም፣ «ታዲያ ዛሬ ምን ያስቆፍረኛል? ከእንግዶቹ ጋር እቀመጣለኋ» አለች። «አርክቴክቱ ሲራክ ከመስታወቱ ወዲያ የሚሠራ ሰው መታየት አለበት ይላል። መስከረም ብቻዋን ምን ትሆናለች? አንቺ ካልገባሽ ባዶ ነው የሚመስለው» አላት። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር የለም። አንድ መኪና እየጮኸ አለፈ። ወዲያው ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ስትወጣ ያን የሥራዋን አረንጓዴ ቱታ ለብሳለች። ሹሩባዋን በሻሽ ጠፍንጋዋለች።

ቦታውን ለማያውቅ ሰው፣ ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ ሲወጡ ከአስፋልቱ በስተግራ ያለው ነው። ሬስቶራንት ይሉታል፤ እኛ ግን «ላስቲክ ቤቱ» ነው የምንለው። ንድፉን ያወጣው ሲራክ የሚባል ወጣት አርክቴክት ነው፤ ሲያወራ በጣቱ አየር ላይ የሚስል፣ አየሩንም አይተህ ካላደነቅህለት የሚከፋው ልጅ ነው። «ጋሽ ይታገሱ፣ እኔ ቤት አልሠራሁም፤ የሚሠራ እርሻ መሃል ጠረጴዛ ነው ያስቀመጥኩት» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያምራል። መመገቢያው አዳራሽ መሃል ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ላስቲክ ቤቶች አቅፈውታል፤ በአንደኛው ቲማቲምና ቃሪያ፣ በሌላኛው ሰላጣና ጎመን። አዳራሹን ከቲማቲሙ ቤት የሚለየው ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት ነው። ቲማቲሙ ሲቀላ፣ ሰው ሲለቅም፣ ተክሉ ውሃ ሲጠጣ፣ ሁሉም ጉርሻህን ይዘህ የምታየው ነው። በጀርባ በኩል ግድግዳ የለም፤ የማሽላው ማሳ፣ ከዚያ ገደሉ፣ ከዚያ ተራራው ነው። የጣሪያውን ዝቅታም ከተራራው ትከሻ ጋር እኩል እንዲያዘቀዝቅ አድርጎታል። የማንጎውን ዛፍ አልቆርጥም ብሎ ጣሪያውን በስቶ አሳልፎታል። ማንጎው ሲበስል በማን ሰሃን ላይ እንደሚወድቅ አልጠየቅሁትም። የጥንቱን የመስኖ ቦይ ደግሞ አልደፈነውም፤ አዳራሹን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ እንዲያልፍ ትቶታል። ቦዩን የቆፈሩት የብርሃኑና የታደለች አባት ጋሽ ሀብቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና።

ብርሃኑ ሾፌር ነበር። መኪናውን በጦርነቱ ጊዜ አጥቶ ባዶ እጁን ሲመጣ፣ «መሬቱ አለ አይደል» ያለችው እሷ ናት። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ መሬቱን ስታርስ ስታሳርስ የኖረች እሷ፤ ብርሃኑንም በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እሷ። ያኔ ሥራው ሲጀመር ሰው በተሰበሰበበት «ማዕዱ የሁለታችን ነው፤ እታለም ከላይ ትቀመጣለች፣ እኔ እላላካለሁ» ብሎ ነበር። እኔም ነበርኩ፤ አጨብጭቤያለሁ። ክፉ ሰው አይደለም ብርሃኑ። እንግዳ ሲመጣ ግን ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ይጥላል።

ረፋድ ላይ የእጅ ጋሪያቸው ጎማ ተንፍሶ ነበርና ጠግኜ ይዤ ገባሁ። ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ የእንጀራ ቤት ያህል ነው። እትዬ ታደለች በቲማቲሙ መደብ መሃል ተንበርክካ የታችኛውን ቅጠል ትቀነጥባለች፤ ቅጥር ሠራተኛዋ መስከረም ወዲያ ዳር ላይ ግንዱን በሲባጎ ታስራለች። ከመስታወቱ ወዲህ፣ ማለቴ በአዳራሹ በኩል፣ አስተናጋጇ ቃልኪዳን ከእድራችን ያመጣናቸውን ወንበሮች ትወለውላለች። በመስታወቱ ሁሉም ሰው የሚታይ ሆኖ ሳለ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ዓሣ የሆንኩ መሰለኝ።

«እትዬ ታደለች፣ ይኼ ቱታ መካኒክ አስመሰለዎት፤ ነገ ጎማ ፈቺ አድርጌ እቀጥርዎታለሁ» አልኳት።

«ደሞዝህን ሰምቻለሁ፤ ቲማቲሜ ይሻለኛል።»

«ለምሳው ከኛ ጋር አይቀመጡም ታዲያ? ቲማቲሙ እንደሆን ጥሎዎት ለቅሶ አይሄድ።»

ቅጠሉን ቀንጥባ እጇ ላይ አጠራቀመችው። ቀና ሳትል፣ «ዛሬ ሠራተኛ ነኝ፤ ይታገሱ። አንተም ስትጠየቅ እንዲያ በል» አለችኝ። ጋሪውን አቁሜ ወጣሁ። ያን ቀሚስ ለዛሬ ብላ ከወልድያ እንዳስመጣችው፣ የትኛው ወንበር ላይ ሆና ተራራውን እንደምታይ እንኳ ቃልኪዳንን እንዳሳየቻት ያወቅሁት በኋላ ነው። ሴትዮዋ ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። በአባቷ ቦይ ዳር፣ የአባቷ ልጅ ተብላ፣ አንድ ምሳ መብላት ነበር።

እንግዶቹ ለመክፈቻው ምሳ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። ቀኑ አርብ መሆኑ በጅቶናል፤ ምግቡ የጾም ስለሆነ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ የሚል ጣጣ የለም፤ ሁሉም ባንድ ገበታ ይቀመጣል። ሹማምንቱ ከወልድያ በሁለት መኪና ነው የመጡት፤ አስጎብኚው ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አላወልቅ ብሏል። ከሐራ ደግሞ ሀጂ ኡበይደላ መጡ፤ የታወቁ የእህል ነጋዴ፣ ብርሃኑ ሾፌር በነበረ ጊዜ ጭነታቸውን ያመላልስላቸው የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ካመሰገኑት የሐራ ነጋዴ ሁሉ እንግዳውን ይዞ ይመጣል። እኔንና ሌሎች ጎረቤቶችን የጠሩን ወንበሩ ባዶ እንዳይታይ ነው፤ ይኼን አልደበቁንም። ሲራክ እንግዶቹን እያዞረ አስጎበኘ። የጣሪያውን ዝቅታ በእጁ አየር ላይ ሳለላቸው፤ ማንጎውን አስነካቸው፤ ቦዩ ጋ ሲደርስ «ይኼ የድሮ ሰዎች የቆፈሩት ነው፤ እንዲሁ እንዳለ አቆየሁት» አለ። «የድሮ ሰዎች» ሲል ብርሃኑ የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክል ነበር። ሀጂ መስታወቱን በበትራቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኛ አገር ሰው ሲበላ ይሸፈናል፤ አንተ ደግሞ ገልጠህ ታሳያለህ። ቡዳ አትፈራም?» አሉት። ሁሉም ሳቀ። ሲራክም ሳቀ። ዋጋ ዝርዝሩን ተቀባብለን አየነው። አንድ ሰሃን ሰላጣ ሁለት ጎማ ጠግኜ ከማገኘው ይበልጣል፤ ለጎረቤቴ ብዬ ለሚቀጥለው ሰው አሳለፍኩት።

ቃልኪዳን እጃችንን አስታጠበችን። በያይነቱ መጣ፤ ትኩስ ሽሮ፣ ከዚያው የተቀነጠበው ሰላጣ፣ ቲማቲሙ በቃሪያ ተከትፎ። ሹማምንቱ አማተቡ፤ ሀጂ «ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱ። ጉርሻውን ጠቅልለው ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ ዓይናቸው ወደ መስታወቱ ሄደ። ልክ በእሳቸው ትይዩ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ እትዬ ታደለች ቆማ የቲማቲም ግንድ ቀና ታደርጋለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉትን አደረጉ፤ ጉርሻውን ከፍ አድርገው «እንብላ!» አሉ።

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይታለች፤ ምን እንዳሉም ገብቷታል፤ የእኛ አገር ሰው ይኼን በጆሮው ብቻ አይሰማም። እንዳትመልስ ግን ሠራተኛ ናት፤ እንዳትተው ሽማግሌ ናቸው። ግንዱን እንደያዘች ቀረች። ሀጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እንብላ እንጂ!» አሉ። ሌሎቻችንም እጃችን በየሰሃኑ ላይ ቆመ። የተጠራ ሰው «ብሉ» ሳይል የሚውጥ ማነው?

«ሀጂ፣ ድምፅ አያስገባም፤ ድርብ መስታወት ነው» አለ ሲራክ። ትንሽ ኩራትም ነበረበት።

«ድምፅ የማያስገባ ከሆነ ለምን ያሳያል?»

«ሠራተኞች ናቸው፤ ሀጂ፤ ኋላ ይበላሉ» አለ ብርሃኑ፤ ሳቅ ለማድረግ እየሞከረ።

«ኋላ ይብሉ። እኔ የጠራሁ ግን አሁን ነው። ‹ብሉ› ትበለኝና ልብላ።» ጉርሻቸውን ገበታው ጠርዝ ላይ መልሰው አስቀመጡት። ሽሮው እንፋሎቱን ጨርሶ ላዩ መቋጠር ጀመረ። አስጎብኚው መነጽሩን አወለቀ። አንደኛው ሹም ጉሮሮውን ጠረገ። ብርሃኑ ወደ መስታወቱ ዞረ፤ መጋረጃ ይፈልግ ነበር መሰለኝ፤ ሲራክ መጋረጃ የሚባል ነገር በንድፉ ውስጥ አላስገባም። በመጨረሻ ለቃልኪዳን በዓይኑ አመለከታት፤ ሄዳ ጠራቻት።

እትዬ ታደለች በጎን በኩል ባለው በር ገባች፤ ገባች ከተባለ፤ አንድ እግሯ ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ነው። ጭቃ የነካ እጇን ከኋላዋ ደብቃለች። ጎንበስ ብላ «ብሉ፤ ይባረክ» አለች።

«ነይ ቁጭ በይ» አሉ ሀጂ።

«ጠግቤያለሁ፤ ሀጂ። እጄም አፈር ነው።»

«አፈር ይታጠባል። ይኸው ውሃ ባጠገባችን ይሄዳል።» ወደ ቦዩ በአገጫቸው አሳዩ። ከዚያ ሽማግሌ ሁሉ የሚጠይቀውን፣ ማንም ክፋት የማያይበትን ጥያቄ ጠየቁ። «የማን ልጅ ነሽ?»

እትዬ ታደለች ብርሃኑን አላየችውም። ዓይኗን ውሃው ላይ አድርጋ ቆመች፤ እንዲመልስ ጊዜ ሰጠችው። ብርሃኑ አፉን ከፈተ፤ ፊቱ ላይ ላብ አለ፤ እኔ አሁን ተነሥቶ እጇን ይይዛል ብዬ ወንበሬን እንኳ ገፋ አድርጌ ነበር፤ ለጭብጨባ እንዲመቸኝ።

«የሰፈር ሰው ናት፤ ሀጂ። እየመጣች ታግዘናለች» አለ።

«ሰፈር ይወልዳል እንዴ፣ ብርሃኑ?»

ሹማምንቱ ሳቁ። አስጎብኚው የምሩን ሳቀ። እሷ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ፣ «አባቴ ሞቷል» አለች። ይኸው ነው ያለችው፤ ስም አልጠራችም። አልዋሸችም፤ አላጋለጠችውም።

የሞተ ሲነሣ የሚባለው ያው ነው። «ነፍስ ይማር» አለ ገበታው ሁሉ ባንድ ድምፅ። «አላህ ይዘንለት» አሉ ሀጂ። እኔም አልኩ። ከሁሉ በኋላ፣ ብርሃኑ ብቻውን «ነፍስ ይማር» አለ፤ ለአንድ ለማያውቀው የመንገደኛ አባት እንደሚባለው፣ ረጋ አድርጎ፣ በጨዋ ደንብ። እህቱ ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየችው። የወለደውን አባቱን ከባዕድ ጋር ተሰልፎ ሲሸኝ አየችው። «ያኑራችሁ» ብላ እጅ ነሣችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ተመለሰች።

ምሳው ተበላ። ሰው ይበላል፤ ምን ያደርጋል። ቲማቲሙ ጥሩ ነው፤ ሰላጣው ጥርስ ላይ ይሰበራል፤ ሹማምንቱ ስለ ሐራ ባቡር፣ ስለ ጤፍ መወደድ፣ ስለ ውርጌሳው መንገድ አወሩ። «ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ነው» ተባለ። አስጎብኚውም በቅርብ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ ብሎ የብርሃኑን እጅ ጨበጠው። ሀጂ ግን የጠቀለሉትን ያችኑ አንድ ጉርሻ በልተው እጃቸውን ታጠቡ። ወደ መኪናቸው ስሸኛቸው ትከሻዬን ተደግፈው ቆሙ። «ሀብቴ እዚህ ቦይ ሲቆፍር እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ በዚህ ሳልፍ እየተጠራራን ነው የኖርነው። የዚያች ሴት ግንባር የሀብቴ ነው» አሉኝ። እያወቁ ነው የጠየቁት ማለት ነው። ብርሃኑ እህቴ ናት እንዲል በር ከፍተውለት ነው። «ንገረው፤ የሰው ልጅ ሁለት ጊዜ አይቀበርም» ብለው ወደ መኪናቸው ገቡ። አልነገርኩትም። እኔ እንደሆንኩ ጎረቤት ነኝ፤ ነገም ቅንጭቡ መሃላችን አለ።

ከሰዓት በኋላ የእድሩን ወንበሮች ለመሰብሰብ ተመለስኩ። ፀሐይዋ በርትታ ነበር። ሙቀት ሲበረታ እነሱ ላስቲኩን ከውስጥ በቀጭን ጭቃ ይቀቡታል፤ ጥላ ይሆናል፤ ቲማቲሙ እንዳይጠወልግ ነው። እትዬ ታደለችና መስከረም በባልዲያቸው ጭቃ በጥብጠው በምዕራብ በኩል ያለውን ሲቀቡ በመስታወቱ አሻግረን እናያቸው ነበር፤ እኔ፣ ሲራክና ብርሃኑ። ሲራክ ደስ ብሎታል፤ የሚቀጥለውን አዳራሽ አየር ላይ እየሳለ ነው። ብርሃኑ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል።

እትዬ ታደለች የላስቲኩን ጫፍ ጨርሳ ማዕዘኑ ጋ ደረሰች። ባልዲውን አነሣች። እኔ ወደ ሌላኛው ጎን የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ ወደ መስታወቱ መጣች። በርጩማ ላይ ወጣችና፣ መጥረጊያውን ትታ፣ በመዳፏ ከላይ ጀመረች። መስከረም የሆነ ነገር ስትላት ይታያል፤ እሷም ሳትዞር መለሰችላት፤ ምን እንዳለች አልሰማንም። እጇ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጭቃ ይነክራል፤ እንደገና ይወጣል። ቁጣ የለበትም፤ ግድግዳ እንደምትለስን ሴት ነው። መጀመሪያ የላስቲኩ ጣሪያ ተሸፈነ። ከዚያ የቲማቲሙ ጫፍ።

«ምን እያደረገች ነው?» አለ ሲራክ፤ እጁ አየር ላይ እንዳለ። «ዕይታው! ሥራው ሁሉ ዕይታው እኮ ነው! ብርሃኑ፣ ንገራት እንጂ!» ወደ ጎን በሩ ሊሮጥ ሲል ብርሃኑ ክንዱን ያዘው። «ተዋት» አለው። ሲራክ ለማን እንደሚደውል እንኳ ሳያውቅ ስልኩን አውጥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

እሷ ሥራዋን አላቋረጠችም። ከበርጩማው ወርዳ በቁመቷ ልክ ያለውን ያዘች። ብርሃኑ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ ቆሟል፤ ፊቷ በፊቱ ትይዩ ነው። አየችው፤ በደንብ ነው ያየችው። ከዚያ መዳፏን አሳረፈችና ፊቷ ጠፋ። ትከሻዋ ቀጠለ፤ አረንጓዴው ቱታ ቀጠለ። በመጨረሻ ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ ጣቶቿ ብቻ ቀርተው ነበር፤ እነሱም አለቁ። አዳራሹ ደነገዘ። የቦዩ ውሃ ድምፅ ያኔ ነው ጎልቶ የተሰማኝ።

ወንበር መሰብሰቤን ቀጠልኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ዞር ስል ብርሃኑ የጠረጴዛ ጨርቅ ገፎ፣ በቦዩ ውሃ ነክሮ፣ መስታወቱን ይወለውላል። ከላይ ጀምሮ፣ በሁለት እጁ፣ ክብደቱን ጥሎበት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል፤ እሱ እንደገና ይነክረዋል።

«ብሬ፣ ጭቃው እኮ ከወዲያ ነው» አልኩት። «በሩ አልተቆለፈም፤ በዚያ ግባና ጥረገው።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

መወልወሉን ግን አላቆመም።